መቶ ፓውንድና አንድ አምበል፦ ጆንቲ ፓርኪን ራሱን መግዛቱ ልክ ነበር?

የክርክሩ ሐሳብ፦ "የእንግሊዙ ራግቢ ሊግ ተጫዋች ጆንቲ ፓርኪን በ1930 የዝውውር ዋጋውን ከኪሱ ከፍሎ ክለቡን መልቀቁ ትክክል ነበር።" ደጋፊዋ ትጀምራለች፣ ተቃዋሚው ይመልሳል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊዋ

ራግቢ ሊግን ብዙም ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። ጨዋታው በ1895 ሃደርስፊልድ ከተማ፣ ጆርጅ ሆቴል ውስጥ ተወለደ። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ከራግቢ ዩኒየን፣ ማለትም ከነባሩ የራግቢ ማኅበር፣ ተገንጥለው የወጡት በገንዘብ ነው። የሰሜን ተጫዋቾች ከሰል ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ሜዳ ሲገቡ የዕለት ገቢያቸው ይቀራል። ክለቦቹ "የቀረበትን እንተካለት" አሉ። የዩኒየኑ ጌቶች "አይሆንም" አሉ። በዚሁ ተለያዩ። በኋላ የቡድኑን ቁጥር ከ15 ወደ 13 አወረዱት፤ ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆነ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለሠራተኛው ተብሎ የተፈጠረ ጨዋታ ሠራተኛውን መልሶ አሰረው። አንዴ የፈረመ ተጫዋች የክለቡ ንብረት ሆነ። ክለቡ መልቀቂያ ካልሰጠው ሌላ ጋ አይጫወትም። ዋጋውን የሚቆርጠውም ክለቡ፣ ገንዘቡን የሚወስደውም ክለቡ። ተናድዶ ወደ ራግቢ ዩኒየን ልሂድ ቢል ደግሞ እዚያ ዕድሜ ልኩን ታግዷል። ሊግ የነካ ሰው ለዩኒየን ርኩስ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው የት ይሂድ?

ጆንቲ ፓርኪን በ1894 ሻርልስተን ተወለደ። ዌክፊልድ አጠገብ ያለች የከሰል መንደር ናት። በ1913 ለዌክፊልድ ትሪኒቲ ፈረመ። ብዙም ሳይቆይ የዓለም ጦርነት መጣና ውድድሩ ተቋረጠ። የአንድ ወጣት ተጫዋች ምርጥ ዓመታት እዚያ ውስጥ ቀለጡ። ሰላም ሲመጣ ግን ፓርኪን ከአገሪቱ ሃፍ-ባኮች ሁሉ አናት ላይ ተቀመጠ። ሃፍ-ባክ ማለት በግዙፎቹ ተፋላሚዎችና በፈጣኖቹ ሯጮች መሃል ቆሞ ጨዋታውን የሚመራው ሰው ነው። በ1920፣ በ1924 እና በ1928 ከብሪታንያ ቡድን ጋር ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተጓዘ። ሦስት ጊዜ የተጓዘ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። የኋለኞቹን ሁለት ጉዞዎች አምበል ሆኖ መራ። አውስትራሊያን ሁለቱንም ጊዜ ከሦስት ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፎ ተመለሰ።

በ1930 ዕድሜው በሠላሳዎቹ አጋማሽ ነበር። የመልቀቂያው ዋጋ 100 ፓውንድ ተባለ። በዚያ ዘመን ለአንድ ከሰል ቆፋሪ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ፓርኪን ማንንም አልለመነም። ከኪሱ አውጥቶ ከፈለና ሃል ኪንግስተን ሮቨርስ የሚባል ሌላ ክለብ ገባ። በገዛ ገንዘቡ ራሱን ገዝቶ ነጻ ወጣ። ለተጫዋቾች ሁሉ በር ከፈተ። ልክ ካልሆነ ልክ የሚባለው ምንድን ነው?

ተቃዋሚው

"ለተጫዋቾች ሁሉ በር ከፈተ" አለች እህታችን። እኔም ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አነበብኩት።

አንባቢ ሆይ፣ የተዘለለውን ልንገርህ። ፓርኪን መቶዋን ፓውንድ ከፍሎ እንደሄደ ሊጉ ደንቡን ለወጠ። ከዚያ በኋላ ማንም ተጫዋች የራሱን የዝውውር ዋጋ መክፈል አይችልም ተባለ። በር ከፈተ የተባለው ሰው በሩን ነው ያዘጋው! ከእሱ ኋላ የነበሩት ሁሉ ውጭ ቀሩ። እሱ ሾልኮ ወጣ፣ ቁልፉ ከጀርባው ተቆለፈ። ይህን የመሰለ ነገር ታሪኩን ስትተርክ እንዴት ረሳችው? ወይስ አልረሳችውም?

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ዌክፊልድ ትሪኒቲ የሰፈር ክለብ ነው። ያኔ ደጋፊው ከሰል ቆፋሪና የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከሳምንት ደመወዙ ቆንጥሮ የክለቡ ሜዳ ቤል ቩ ስታዲየም ይገባ ነበር። ይህ ክለብ ነው ልጁን አንስቶ ሰው ያደረገው። ክለቡ ባይኖር ኖሮ ፓርኪን ከሻርልስተን ጉድጓድ ባልወጣ ነበር። አውስትራሊያን በካርታ እንኳ አያያትም ነበር።

የዝውውር ገንዘብ ደግሞ ለሰፈር ክለብ እስትንፋሱ ነው። ካላመናችሁ የዚያን ዘመን የሊጉን ካርታ ተመልከቱ። ዌክፊልድ፣ ባትሊ፣ ዲውስበሪ፣ ሃንስሌት፤ ሁሉም ትንንሽ፣ ሁሉም ተቀራራቢ። ሊድስና ዊጋን ደግሞ ኪሳቸው ወፍራም ነበር። ተጫዋቹ እንደፈለገ ውልቅ የሚል ከሆነ ጥሩ ጥሩው ሁሉ ሦስት አራት ክለብ ውስጥ ይከማቻል። የቀሩት ሜዳቸውን ዘግተው ድንች ይዝሩበት?

ዋጋውን ደግሞ እዩት። በ1921 ሃንስሌት ሃሮልድ ባክን ለሊድስ ሲሸጥ 1,000 ፓውንድ ተቀብሏል። በራግቢ ሊግ የመጀመሪያው የሺህ ፓውንድ ዝውውር ነው። ዌክፊልድ ለብሪታንያ አምበል የጠየቀው የዚያን አንድ አሥረኛ ነው። ይህ ውለታ ነው እንጂ እስራት አይደለም። ውለታ መላሹ ምን አደረገ? መቶ ፓውንድ ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ውልቅ።

ደጋፊዋ

"ክለቡ ባይኖር ኖሮ ፓርኪን ከሻርልስተን ጉድጓድ ባልወጣ ነበር።"

ጋሼ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፉት እርስዎ ነዎት። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።

እስቲ ማን ማንን እንዳወጣ እንይ። ዌክፊልድ የራግቢ ሊግን ትልቁን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ የቻሌንጅ ካፑን፣ በ1909 አነሳ። ፓርኪን ያኔ ገና ልጅ ነው። ደግሞ ያነሳው በ1946 ነው። ፓርኪን ያኔ ካቆመ ብዙ ዓመቱ። በመሃል ባዶ። የሊጉን ሻምፒዮንነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘውስ? በ1967። ስለዚህ ይህ "ሰው ያደረገው" ክለብ ለፓርኪን ዋና ዋንጫ አላሳየውም። በእነዚያ ዓመታት ስለ ዌክፊልድ ሲድኒና ኦክላንድ ላይ ከተወራ በዚህ ሰው ምክንያት ነው። ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ማን ነበር?

እንዲያውም ሻርልስተን ምን አጠፋች? የሻርልስተን ልጅ ኳስ የሚማረው ክለብ ሳያየው ነው። ኒል ፎክስ የተወለደው እዚያችው መንደር ነው፤ በራግቢ ሊግ ታሪክ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረ ሰው። መንደሯ ናት ለክለቡ ሰው የሰጠችው። ክለቡ ተቀበለ። ውለታ ከተቆጠረ ከዚያ ይቆጠር።

ስለ ሃሮልድ ባክ ያነሱት ደግሞ ጥሩ ሆነልኝ። ሺው ፓውንድ ማን ኪስ ገባ? ሃንስሌት ኪስ። ባክ ነው የሮጠው፣ ባክ ነው የተመታው፣ ሃንስሌት ነው የሸጠው። ፓርኪን ደግሞ በ1921 ሳይሆን በ1930 ነው ዋጋ የተቆረጠበት። ከሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ላይ የቀረው ምን ያህል ጨዋታ ነው? ምርጡን ዕድሜውን ከበሉ በኋላ ለቅሪቱም መቶ ፓውንድ። ይህን ውለታ ብለው የጠሩት እርስዎ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

መልቀቂያ ፍለጋ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት የዞረ አንባቢ ይህን ሳልነግረውም ያውቀዋል።

ተቃዋሚው

ልጄ፣ ቀስ በይ።

በመጀመሪያ በሩን መልሺልኝ። "ለተጫዋቾች ሁሉ በር ከፈተ" ብለሽ ጽፈሻል። ደንቡ ተለውጦ በሩ ተዘጋ ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ሙሉ ጽሑፍ ይዘሽ መጣሽ፤ ስለ በሩ አንዲት መስመር የለችም። ስለ ጉድጓድ ግን አንድ ቶን። ከሰል ቆፋሪዋ አንቺ ሆንሽ።

ሁለተኛ፣ ዋንጫ የለም ያልሽው። በ1924 ዌክፊልድ ባትሊን 9 ለ 8 አሸንፎ የአውራጃውን ዋንጫ፣ የዮርክሸር ካፕን፣ አንስቷል። በዚያ ዘመን ለአንድ የዮርክሸር ሰው ይህ ቀልድ አልነበረም። ዮርክሸሮች ከለንደን ይልቅ ጎረቤታቸውን ማሸነፍ ነው የሚያስደስታቸው። አንቺ ግን "ባዶ" ብለሽ አለፍሽ።

ሦስተኛ፣ ስለ አምበልነቱ ይህን ያህል ካወራን ሙሉውን እናውራ። በ1924 አውስትራሊያን አሸነፈ፣ እሺ። ከዚያ ወደ ኒውዚላንድ ተሻገረና 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ1920 ደግሞ አውስትራሊያ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፈው የጠቅላላውን ፉክክር ድል አስረክበዋል። ይህንንም ዘለልሽው። አንቺ ስትተርኪ ፓርኪን የተሸነፈበት ቀን የለም።

የእኔ ነጥብ ይህ ነው፤ ሰውየው ጥሩ ተጫዋች ነበር፣ ማንም አይክድም። ግን መቶ ፓውንድ የከፈለ ሰው መቶ ፓውንድ እንደሚያወጣ አምኗል። ሥርዓቱን ከተቃወመ ለምን ከፈለ? ተቃዋሚ ሰው ይታገላል። ፓርኪን ገዛ። እና በ1932 ጫማውን ሰቀለ። ለሁለት ዓመት ጨዋታ ይህ ሁሉ ነጋሪት ለምን ይጎሰማል?

ደጋፊዋ

ልጄ አይበሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቃለሁ። እዚህ የመጣሁት ለመከራከር ነው።

አስተዋላችሁ? ከላይ "ውለታ ቢስ ነው" ነበር። አሁን "ለሁለት ዓመት ጨዋታ ምን አስጮኸው" ሆነ። ትልቅ በደል ከሆነ ትንሽ ነገር አይደለም። ትንሽ ነገር ከሆነ ትልቅ በደል አይደለም። ጋሼ አንዱን ይምረጡና እኔም ለእሱ ልመልስ።

"ለምን ከፈለ" ይሉኛል። በምን ይታገል? የት ይክሰስ? እግር ኳስ ላይ ጆርጅ ኢስተም ኒውካስል አልለቅም ብሎት ፍርድ ቤት የሄደው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በ1963 ዳኛው ይህ ዓይነቱ ማሰሪያ የሰውን ሥራ ያለአግባብ የሚገድብ ነው አሉ። ራሱ ራግቢ ሊግ ላይ ደግሞ ዴኒስ ታቲ አለ። ሲድኒ ውስጥ ለባልሜይን የሚጫወት ነበር። ክለቡ አልለቅም አለው። ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይጫወት ቀረ። ክስ መሠረተ። በ1971 የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለታቲ ፈረደ። እንግዲህ ፍርድ ቤት በ1971 ስህተት ያለው ነገር በ1930 ትክክል ነበር? ለዚህ መልስ እፈልጋለሁ።

የኒውዚላንዱን ሽንፈት አልካድኩም። ግን ሜዳውን ካነሱ ሜዳውን ልጨምርልዎት። በ1924 ሲድኒ ላይ የመጀመሪያውን 22 ለ 3፣ ሁለተኛውን 5 ለ 3 አሸነፉ። በ1928 ብሪዝበን ላይ 15 ለ 12፣ ሲድኒ ላይ 8 ለ 0። አስቡት፤ ሳምንታት በመርከብ ተጉዞ፣ በሰው አገር፣ በሰው ደጋፊ ፊት። ያኔ አንድ ትራይ፣ ማለትም ኳሷን ከተጋጣሚው መስመር ማዶ መሬት ማስነካት፣ 3 ነጥብ ብቻ ነው። 8 ለ 0 ማለት አውስትራሊያን በገዛ ሜዳዋ አፏን ማስያዝ ነው። አውስትራሊያ በ1920 ያገኘችውን ያንን የጠቅላላ ፉክክር ድል ከዚያ በኋላ እንደገና ያገኘችው በ1950 ነው። ሠላሳ ዓመት! የዚያ ዘመን መሠረት ሲጣል አምበሉ ማን ነበር? ከሻርልስተን ጉድጓድ ባልወጣ ነበር የተባለው ሰው።

በ1988 የራግቢ ሊግ የክብር መዝገብ ሲከፈት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ገቡ። ሃሮልድ ዋግስታፍ አለ፣ ጂም ሱሊቫን አለ፣ ቢሊ ቦስተን አለ። ፓርኪንም አለ። "ነጋሪት ለምን ይጎሰማል" ላሉት ይህ ይበቃል።

ተቃዋሚው

እሺ እሜቴ። ልጄ ማለት ከከበደ እሜቴ እንበል። እኔ በክፋት አላልኩም። ዕድሜዬ ነው ያናገረኝ። በኛ ጊዜ ታላቅ ታናሹን ልጄ ሲል ታናሽ አይቆጣም ነበር። ይቅር።

የክብር መዝገቡን ማን ጠየቀሽ? የክርክሩ ሐሳብ "ፓርኪን ታላቅ ተጫዋች ነበር" አይልም። "መክፈሉ ትክክል ነበር" ነው የሚለው። ሜዳ ላይ ስትሸነፊ ሙዚየም ገባሽ።

አሁንም በሩ። እሜቴ፣ በሩስ? ከፓርኪን በኋላ ሌላ አንድ አዛውንት ተጫዋች ነበር እንበል። ክለቡ ሰልችቶታል። ጥቂት ገንዘብ ቆጥቧል። ፓርኪን ያደረገውን ላድርግ ይላል። "አይቻልም፣ ደንብ ወጥቷል" ይባላል። ይህ ሰው ፓርኪንን ያመሰግነዋል?

ሊጉ ደንቡን ለምን እንደለወጠም ማሰብ ይገባል። እኔ ሳስበው ክፋት አይታየኝም። ተጫዋች ራሱን መግዛት ከቻለ ነገ ሀብታም ክለብ ገንዘቡን በጀርባ ያቀብለዋል። ተጫዋቹ "ራሴን ገዛሁ" ይላል። ትንሹ ክለብ በርካሽ ይዘረፋል። ስለ ፓርኪን አይደለም የምለው፣ ስለሚመጣው ነው። ደንብ የሚወጣው ለሚመጣው ነው። ክለብ ደግሞ ሲሞት አይተናል። ፖንቲፕሪድ በ1926 ሊጉን ተቀላቅሎ በሁለተኛው ዓመት ጠፋ። ካርላይል ሲቲ በ1928 ጀምሮ ዓመት እንኳ አልሞላም። ገንዘብ የሌለው ክለብ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ለእነዚያ ደጋፊዎች ማን ያልቅስ? የክብር መዝገብ የላቸውም።

ደጋፊዋ

ፖንቲፕሪድና ካርላይል የሞቱት ተጫዋች ራሱን ገዝቶ ስለሄደባቸው ነው? አይደለም። ተመልካች ስላጡ ነው። ታዲያ ፓርኪን እዚህ ምን ጥልቅ አደረገው?

የኪሱን ነገር በደንብ እናጥራው። እርስዎ የሚሉት ደንቡ የወጣው ትንሹ ክለብ በርካሽ እንዳይዘረፍ ነው። ዋጋውን ማን ቆረጠ? ክለቡ። መቶ ፓውንድ አለ። መቶ ፓውንድ ተከፈለው። አንድ ሽልንግ አልጎደለም። ዌክፊልድ የጠየቀውን ተቀብሎ "ተዘረፍኩ" ሊል ነው? ሮቨርስ ቢከፍል ያው መቶ፣ ፓርኪን ቢከፍል ያው መቶ። ለክለቡ ካዝና ልዩነት የለውም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ገዢው ክለብ ካልሆነ ተጫዋቹ ቀጣዩን ውል ራሱ ይደራደራል። ያስፈራቸው ያ ነው። ስለዚህ በሩን የዘጉት እነሱ ናቸው። እርስዎ ግን የዘጋውን ትተው የወጣውን ይከሳሉ።

አሁን ደግሞ ስለ ታቲ። ዝም ብለውኛል።

ተቃዋሚው

ታቲ አውስትራሊያዊ ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነው። እኛ የምናወራው ስለ 1930 እንግሊዝ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እግር ኳስ ተጫዋቹ ዴቪድ ጃክ ከቦልተን ወደ አርሰናል ሲሄድ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ተከፍሎበታል፤ እሱም ሳንቲሙን አልነካውም፣ እሱም አልጮኸም። ሁሉም በዚህ ሥርዓት ይተዳደር ነበር። ያለ ሥርዓት ጨዋታ የለም።

ደግሞም "ገዢው ክለብ ካልሆነ ተጫዋቹ ራሱ ይደራደራል" አልሽ። እንግዲህ ነገሩ ስለ ነጻነት ሳይሆን ስለ ተሻለ ውል ነበር ማለት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ብትነግሪን ይህን ሁሉ ባልጻፍን።

ደጋፊዋ

የተሻለ ውል መፈለግ ነውር የሆነው ለተጫዋች ብቻ ነው? ሃንስሌት ባክን በሺህ ሲሸጥ የተሻለ ውል ፈልጎ ነው፤ እርስዎ ግን "እስትንፋስ" አሉት። ቦልተን ጃክን በአሥር ሺህ ሲሸጥ "ሥርዓት" አሉት። ፓርኪን መቶዋን ከፍሎ ዋጋውን ራሱ ሲጠይቅ ውለታ ቢስ ሆነ።

ጨዋታው ራሱ እኮ በ1895 የተወለደው ሠራተኞች ለቀረባቸው ቀን ይከፈለን ስላሉ ነው። ያኔ ጆርጅ ሆቴል የተሰበሰቡትንም "ያለ ሥርዓት ጨዋታ የለም" ያላቸው ነበር። አልሰሙትም። ዌክፊልድ ትሪኒቲም እዚያ ስብሰባ ላይ ነበረ፣ ጋሼ።